በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ሪሞታችን የማያውቀው ነገር

ማታ ነው። ፊልም ልናይ ተቀምጠናል። የሳሎኑን መብራት ቀንሰናል። ብዙ ዕቃዎችን የሚያዘውን ዩኒቨርሳል ሪሞት አንስቼ "ፊልም" የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። በዚያች አንድ ንክኪ አራት ዕቃዎች መነሳት ነበረባቸው። ቲቪው፣ አምፕሊፋየሩ፣ የብሉሬይ ማጫወቻውና ሪሲቨሩ። አምፕሊፋየሩ በራ። ማጫወቻው በራ። ሪሲቨሩም በራ። ቲቪው ግን ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ካርቱን ሊያዩ በቲቪው በራሱ ሪሞት ከፍተውት ነበር። ዩኒቨርሳል ሪሞቱ ይህን አላየም። ለእሱ ቲቪው ገና እንደተኛ ነው። ስለዚህ ለመቀስቀስ የላከው ትዕዛዝ የነቃውን አስተኛው። ቁልፉን ደገምኩት፤ ምንም የለም። ሪሞቱ ሁሉም በርቷል ብሎ ስለሚያምን የሚሠራው ሥራ አልቀረውም። "ሁሉን አጥፋ" የሚለውን ስጫን ደግሞ ሦስቱ ጠፉና ቲቪው በራ። አራምባና ቆቦ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ሪሞቱ ደከመ ብለን ድንጋይ እንቀይራለን። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም አዲስ ሪሞት ይገዛል። ሪሞቱ ግን ደህና ነው። የጎደለው እውቀት ነው። ዕቃው አሁን በርቶ ይሁን ጠፍቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያለው ትዝታ ብቻ ነው። "ቅድም አብርቼው ነበር፣ እንግዲህ በርቶ ይሆናል" ይላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ትዝታ ነው፤ እንዴት እንደሚሳሳት፣ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት፣ በምን ሊተካ እንደሚችል።

የማይሰማ ተናጋሪ

የኢንፍራሬድ ሪሞት የሚሠራው በብርሃን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ኤልኢዲ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ትረጫለች። የሞገዱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 940 ናኖሜትር ነው። ብርሃኑ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል። አንዳንድ አምራቾች 36 ወይም 40 ሺህ ያደርጉታል። ይህ ብልጭታ ተቀባዩ ትዕዛዙን ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን ለይቶ እንዲያነብ ይረዳዋል። በጣም ከተለመዱት ቋንቋዎች አንዱ ኤንኢሲ ይባላል። 9 ሚሊሰከንድ የሚቆይ መነሻ ብልጭታ አለው። 4.5 ሚሊሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ 32 ቢት ይከተላል። ሁሉም ነገር በ68 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልቃል።

አስተውሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ መልስ የሚመጣበት ቦታ የለም። ሪሞቱ አፍ አለው፣ ጆሮ የለውም። ቲቪው ደግሞ ጆሮ አለው፣ አፍ የለውም። ሪሞቱ ትዕዛዙ ደርሶ ይሁን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቶ አያውቅም።

ይህ ልማድ የቆየ ነው። ዜኒት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው ፍላሽማቲክ በብርሃን የሚሠራ ገመድ አልባ ሪሞት ነበር፤ የዩጂን ፖሊ ሥራ ነው። በማግስቱ ዓመት የሮበርት አድለር ስፔስ ኮማንድ በጆሮ በማይሰማ ከፍተኛ ድምፅ መጣ። ሁለቱም ባለ አንድ አቅጣጫ ነበሩ። ያኔ ይህ ችግር አልነበረም። ዕቃው አንድ ነው፣ ሰውየው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ቲቪው በርቶ ይሁን ጠፍቶ የሚያየው የሰውየው ዓይን ነው። ጠያቂውም መላሹም ሰው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው የሰውየውን ሥራ ለማሽን ስንሰጠው ነው። አንድ ቁልፍ አራት ዕቃዎችን በተርታ ሲያዝ ዓይን ከመሐል ወጣ። የዓይኑን ሥራ የሚሠራ ግን አልተተካም።

ማብሪያ ማጥፊያ

አማርኛችን ግድግዳ ላይ ያለውን ቁልፍ "ማብሪያ ማጥፊያ" ይለዋል። ሁለት ተቃራኒ ሥራ በአንድ ስም። የሪሞቱም ቀይ ቁልፍ እንዲሁ ነው። አንድ ኮድ ይልካል። ትርጉሙ "ብራ" አይደለም፤ "ጥፋ"ም አይደለም። ትርጉሙ "ያለህበትን ገልብጠው" ነው። ባለሙያዎች ቶግል ይሉታል። እኔ ገልባጭ ትዕዛዝ እለዋለሁ።

የግድግዳው ቁልፍ ቢያንስ አቅጣጫ አለው። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሆኖ ያለበትን ያሳያል። የሪሞቱ ቁልፍ ይህም የለውም። ተጭኖ ይመለሳል።

ገልባጭ ትዕዛዝ ከሌሎች ስህተቶች የሚለየው አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ስህተቱ በራሱ አይታረምም። "ድምፅ ጨምር" የሚል ትዕዛዝ መንገድ ላይ ቢጠፋ ድምፁ በአንድ ደረጃ ያንሳል፣ በቃ። አንድ ገልባጭ ትዕዛዝ ከጠፋ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ማታ ይሳሳታል። ነገ ጠዋት ይሳሳታል። ሌላ ትዕዛዝ በአጋጣሚ እስኪጠፋ ወይም ሰው ተነስቶ በእጁ እስኪያስተካክለው ድረስ እንደተገለበጠ ይኖራል።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እንበልና ከ100 ትዕዛዝ 99ኙ በደህና ይደርሳል። ለአንድ ዕቃ ይህ በጣም ጥሩ ነው። አሁን አምስት ዕቃ በአንድ ቁልፍ እናብራ። አምስቱም በትክክል የመነሳታቸው ዕድል 0.99 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። 0.95 ገደማ ይመጣል። ማለትም ከ20 ምሽት በአንዱ አንድ ነገር ይበላሻል። ማጥፋቱንም ስንጨምር ከ10 ምሽት በአንዱ ይሆናል። ግምቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግን የሒሳቡ ጠባይ አይቀየርም። ሰንሰለቱ ሲረዝም ትንሿ ጉድለት ትገዝፋለች።

ትዕዛዝ የሚጠፋበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። በጣም የተለመደው ቁልፉን ተጭኖ ሪሞቱን ወዲያው ማስቀመጥ ነው። የትዕዛዝ ሰንሰለቱ ተልኮ ለማለቅ ብዙ ሰከንዶች ይወስዳል፤ ሰው ግን እጁን በአንድ ሰከንድ ያወርዳል። ሰው በመሐል ያልፋል። ሶፋው ላይ ያለ ትራስ ይጋርዳል። ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ብርሃኑ ይደክማል።

ትዕዛዙ ደርሶም ትዝታው የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው የዕቃውን የራሱን ቁልፍ ይጫናል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ዕቃ በርቶ ይነሳል፣ ሌላው ተኝቶ ይቀራል። ፊልም ከኢንተርኔት የሚያመጣው ዥረት ማጫወቻ ሲነቃ ቲቪውን አብሮ ይቀሰቅሳል። ዕቃው በራሱ ጊዜ ይተኛል።

ይህ የመጨረሻው እየበዛ የመጣ ነው፤ ምክንያቱም መልካም ነው። ተመራማሪው አለን ማየር ማንኛውም ዕቃ ተኝቶ ከ1 ዋት በላይ እንዳይበላ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐሳብ አቀረበ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በማግስቱ ዓመት ተቀበለው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ሐሳቡን ሕግ አደረገው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የስታንድባይ፣ ማለትም የተኛ ዕቃ ፍጆታ፣ ጣሪያ 1 ዋት ሆነ። ከ2013 ጀምሮ ወደ 0.5 ዋት ወረደ። በ2009 የወጣው የቲቪ ደንብ ማንም ሳይነካው 4 ሰዓት የቆየ ቲቪ በራሱ እንዲተኛ አዘዘ። አምራቾች ለእያንዳንዱ ገበያ የተለየ ሞዴል ማውጣት አይወዱምና ይህ ጠባይ ከአውሮፓ ውጭም ይታያል።

እኔ ደንቡን እደግፋለሁ። በየቤቱ ዝም ብሎ የሚባክን ኃይል ያሳዝናል። ግን ለሪሞቱ ትዝታ ይህ ከባድ ምት ነው። ፊልሙን አቁመን እራት ስንበላና ስንጫወት አምፕሊፋየሩ ይተኛል። ሪሞቱ ግን በርቷል ብሎ እንዳመነ ነው። ማንም አልነገረውም።

ሰውን የሚጠይቀው ሪሞት

ትዝታን በጥንቃቄ ከሠሩት አንዱ ሃርመኒ የተባለው ዩኒቨርሳል ሪሞት ነው። የአንድ የካናዳ ኩባንያ ሥራ ነበር። ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ገዛው። የሃርመኒ ብልሃት ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሰው "ፊልም ማየት" ወይም "ሙዚቃ መስማት" ሲል ሪሞቱ የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ እየመዘገበ የጎደለውን ብቻ ያዝዛል። ከፊልም ወደ ሙዚቃ ሲሻገር አምፕሊፋየሩን እንደገና አይነካውም። ቲቪውን ብቻ ያጠፋል። ሁለተኛው ብልሃት ይበልጥ ደስ ይለኛል። "እርዳታ" የሚል ቁልፍ ነበረው። ስትጫኑት ሰውየውን ይጠይቃል። ቲቪው በርቷል? አምፕሊፋየሩ ትክክለኛው መግቢያ (ኢንፑት) ላይ ነው? መልሱን ይዞ ትዝታውን ያስተካክላል።

ይህ ቅን መፍትሔ ነው። ሪሞቱ የማያውቀውን እንደማያውቅ ያምናል፤ ዓይን ያለውን ሰው ይጠይቃል። ችግሩ የሚጠየቀው ሰው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ሲስተሙን የገጠምኩት እኔ ለጥያቄው መልስ አለኝ። እናቴ ግን "አምፕሊፋየር የቱ ነው?" ትላለች። እንግዳም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ በዚህ ነገር የሚቸገሩት ሲስተሙን ያልመረጡት ሰዎች ናቸው።

ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የሃርመኒ ሪሞቶችን መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ለገዙት ሰዎች አገልግሎቱ ይቀጥላል ተባለ። አዲስ ግን አይመጣም። ብዙ ሰው ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የተነሳበት። በምን እንተካው? አንዳንዱ ወደ ሶፍትዌር ሄደ። አንዳንዱ ኤችዲኤምአይ ገመዱ ራሱ ይሠራልኛል አለ። አንዳንዱ ውድ ወደሆኑት በባለሙያ የሚገጠሙ ሲስተሞች ዞረ። በሦስቱም መንገድ የሚጠብቀው ጥያቄ ያው ነው። ዕቃው አሁን በርቷል?

ትዝታ የማይፈልግ ትዕዛዝ

ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ቁልፉን መክፈል ነው። "ብራ" የሚል አንድ ኮድ፣ "ጥፋ" የሚል ሌላ ኮድ። የበራ ዕቃ "ብራ" ቢባል ምንም አይሆንም። ዝም ብሎ ይቀጥላል። አሥር ጊዜ ብትልኩት ውጤቱ አንድ ነው። ባለሙያዎች ዲስክሪት ኮድ ይሉታል። እኔ ቁርጥ ትዕዛዝ ብለው ደስ ይለኛል። ቁርጥ ትዕዛዝ ላለው ዕቃ ሪሞቱ ያለፈውን ማስታወስ አያስፈልገውም። ትዕዛዙ አንዴ ቢጠፋ እንኳ የሚቀጥለው ያስተካክለዋል። ስህተቱ አይወረስም።

የሚገርመው ብዙ ቲቪዎችና አምፕሊፋየሮች ይህ ኮድ አላቸው። ከዕቃው ጋር በሚመጣው ሪሞት ላይ ግን ቁልፉ የለም። በውስጥ ተደብቆ ለገጣሚዎችና ለጥገና ባለሙያዎች ይቀመጣል። የዩኒቨርሳል ሪሞት የኮድ ክምችቶች ግማሹ ጥቅማቸው እነዚህን ማውጣታቸው ነው። ለምን እንደሚደበቁ አሳማኝ ምክንያት አይቼ አላውቅም። ሪሞቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ማድረግ ቦታ ይወስዳል ከተባለ፣ ቁልፉ አንድ ሆኖ ኮዶቹ በመመሪያው መጽሐፍ ይታተሙ። ይህን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር ላንሳ። ፊሊፕስ በሠራው አርሲ-5 በተባለው ቋንቋ ውስጥ "የቶግል ቢት" የሚባል አለ። ከመብራትና ከመጥፋት ጋር ግንኙነት የለውም። አንድን ቁልፍ ይዞ መቆየትን ሁለት ጊዜ ከመጫን ለመለየት የተቀመጠ ነው። እጃችን ቁልፉ ላይ ትንሽ ሲዘገይ ቲቪው በርቶ ጠፍቶ በርቶ እንዳይጫወት እንደዚህ ያለ ዘዴ ያስፈልጋል።

ቁርጥ ትዕዛዝ የሌለው ዕቃስ? አሮጌ ብልሃት አለ። አንዳንድ ዕቃዎች ተኝተው ሳሉ ሌላ ቁልፍ ሲነካ ይነሳሉ፤ ለምሳሌ የመግቢያ መምረጫው ወይም የቁጥር ቁልፍ። ቢበሩም ቁልፉ አያጠፋቸውም። እንግዲያው ለማብራት ያንን ቁልፍ ብቻ እንልካለን። ለማጥፋት መጀመሪያ ያንኑ እንልካለን፤ አሁን በእርግጠኝነት በርቷል። ከዚያ ገልባጩን እንልካለን፤ በእርግጠኝነት ይጠፋል። ተኝቶ የነበረ ዕቃ ለመጥፋት ሲል አንዴ ብልጭ ይላል። ደስ አይልም፤ ግን አይሳሳትም።

ዕቃውን መጠየቅ

ቁርጥ ትዕዛዝ ትዝታን ያስቀራል። ግን አሁንም መልስ አልሰማንም። ለመስማት ሁለት አቅጣጫ ያለው መንገድ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ብዙ ቤት ውስጥ ተሰክቶ ተቀምጧል። ኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ 13ኛዋ ፒን ሲኢሲ ለሚባል ሥራ ተመድባለች። ምስልም ድምፅም አትሸከምም። ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባት ቀጭን መስመር ናት። ፍጥነቷ በሰከንድ 400 ቢት ገደማ ነው። ለዛሬ ዘመን ኤሊ ናት፤ ግን ለምትሠራው ሥራ ይበቃታል። "በርተሃል?" የሚለው ጥያቄ ሁለት ባይት ብቻ ነው። በ50 ሚሊሰከንድ ገደማ ተልኮ ያልቃል።

መልሱ ይበልጥ ያስደስተኛል። አራት ቁጥር ነው። 0 ማለት በርቻለሁ። 1 ማለት ተኝቻለሁ። 2 ማለት እየነቃሁ ነው። 3 ማለት እየተኛሁ ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር በደንብ ገብቷቸዋል። በመብራትና በመጥፋት መካከል ጊዜ አለ። ቲቪ በቅጽበት አይነሳም። በዚያ መሐል የተላከለትን ትዕዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ሊል ይችላል። ብዙ የሪሞት ሰንሰለት የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው። "ብራ" ይልና ገና ዓይኑን ያልገለጠውን ቲቪ "መግቢያ 2 ሂድ" ይለዋል። ቲቪው አልሰማም። ምስል የለም። ሰውየው ቲቪው አልበራም ብሎ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። አሁን በእርግጥ ጠፋ።

ፕሮጀክተር ያለው ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ለመሞቅ ግማሽ ደቂቃም ከዚያ በላይም ይፈልጋል። ሲጠፋም አምፖሉን ለማቀዝቀዝ ማራገቢያው መሥራት አለበት። በሚቀዘቅዝበት ጊዜ "ብራ" ቢባል ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። በጃፓኑ የቢሮ ማሽኖች ኢንዱስትሪ ማኅበር በኩል የወጣው ፒጄሊንክ የተባለው የፕሮጀክተር ቋንቋም ለዚሁ አራት መልስ አለው። ተኝቷል፣ በርቷል፣ እየቀዘቀዘ ነው፣ እየሞቀ ነው። በኔትወርክ በ4352 በር (ፖርት) በኩል ይጠየቃል። አምራቹ ማንም ይሁን ማን ፒጄሊንክ የሚያውቅ ፕሮጀክተር ጥያቄውን ይረዳል። ለቲቪ እንዲህ ያለ የጋራ ቋንቋ በኔትወርክ በኩል በሰፊው ቢለመድ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ሲኢሲ ለምን ሁሉን አልፈታም? አንደኛ፣ ገመዱ መስመሩን ይዞ ቢመጣም ዕቃው እንዲናገርበት ግዴታ የለበትም። ሁለተኛ፣ አምራቾች የየራሳቸውን ስም አወጡለት። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል። ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ፓናሶኒክ ቪዬራ ሊንክ። ተጠቃሚው አንድ ነገር መሆናቸውን በምን ይወቅ? ሦስተኛውና ዋናው፣ መስመሩ የጋራ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ አንድ ሽቦ ላይ ናቸው። አንዱ ሲረብሽ ሁሉም ይረበሻል። አራተኛ፣ ዕቃው ከመመለስ አልፎ ማዘዝም ይችላል። ማጫወቻው ሲነቃ "እኔን አሳዩ" ብሎ ቲቪውን ይቀሰቅሳል። ቲቪው ሲተኛ ሁሉንም "ተኙ" ይላል። በሪሞት የሚመራ ሲስተም ላይ ይህ ሁለት ሹፌር መሪ እንደመያዝ ነው።

ስለዚህ ብዙ ልምድ ያላቸው ገጣሚዎች ሲኢሲን ሙሉ በሙሉ ያጠፉታል። ይገባኛል። እኔ ግን በከፊል እለያለሁ። ዕቃዎቹ የሚፈቅዱ ከሆነ እርስ በርስ ማዘዛቸውን አጥፍቶ ጥያቄና መልሱን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ያቺ "በርተሃል?" የምትል ጥያቄ ተጥላ የምትቀር አይደለችም።

በኔትወርክ የሚጠየቁ አዳዲስ ቲቪዎችና አምፕሊፋየሮችም አሉ። በቆየው አርኤስ-232 ገመድ የሚመልሱም አሉ። ጥሩ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ቲቪው ጠለቅ ብሎ ሲተኛ ኃይል ለመቆጠብ ኔትወርኩንም ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ለጥያቄው መልስ አይመጣም። መልስ አለመምጣቱ ግን "ጠፍቷል" ማለት ብቻ አይደለም። ዋይፋዩ ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል። ዝምታን እንደ መልስ የሚቆጥር ሶፍትዌር ዞሮ ዞሮ ወደ ግምት ተመልሷል። በኔትወርክ መቀስቀሻ የሚባለው መልእክትም ያው ነው። 102 ባይት ነው፤ የዕቃውን አድራሻ 16 ጊዜ ደጋግሞ ይጠራል። ነቃ አልነቃ መልስ የለውም። ቀስቅሶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው።

የማይናገረውን ዕቃ መስማት

ቁርጥ ትዕዛዝ የሌለው፣ ሲጠየቅም የማይመልስ ዕቃ አለ። አሮጌ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። እሱን ከውጭ ሆኖ መታዘብ ነው። ልክ ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጠው።

ከዚህ ዓይነት ዘዴ ጥሩው የሚበላውን ኃይል መለካት ነው። ሶኬቱ ላይ የሚሰካ መለኪያ ያለው ስማርት ፕለግ ይበቃል። ተኝቶ 0.5 ዋት የሚበላ ቲቪ በርቶ በአሥሮች የሚቆጠር ወይም ከ100 በላይ ዋት ይበላል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ግን ድንበሩን አንድ ቁጥር ላይ ብቻ አታድርጉት። ቲቪው ከጠፋ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ውስጡ የሚሠራው ሥራ ይኖረዋል። ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ቲቪ የሚበላው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ድንበር ይሻላል። ለምሳሌ ከ30 ዋት በላይ ሲሆን በርቷል፤ ከ10 በታች ለጥቂት ሰከንድ ሲቆይ ጠፍቷል። በመሐል ያለው ግን ያለፈውን ይዞ ይቆይ።

አደራ፣ ይህ ፕለግ ለመለካት ብቻ ነው። በእሱ የፕሮጀክተር ኃይል አትቁረጡ። አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው ይቆምና ዕድሜው ያጥራል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ቲቪው ሲበራ ብቻ ኃይል የሚሰጥ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው 5 ቮልቱን ማየት ይቻላል። የዕቃውን ትንሽ መብራት የሚያይ ዳሳሽ ፊቱ ላይ መለጠፍም ይቻላል። አንዳንድ አምፕሊፋየር ሲነሳ 12 ቮልት የሚያወጣ መውጫ አለው። እነዚህን በፍጥነት ነው የማልፋቸው። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ዕቃው ነው።

አለማወቅን መመዝገብ

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። የኔ ዋና ቅሬታ እዚህ ነው ያለው። አብዛኛው ሲስተም ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ ይመዘግባል። በርቷል ወይም ጠፍቷል። ይህ አይበቃም። ከጎኑ ሁለት ነገር መኖር አለበት። ይህን በምን አወቅን? መቼ አወቅን? ዕቃው ራሱ ከ3 ሰከንድ በፊት የነገረን "በርቷል" አለ። ከ5 ሰዓት በፊት ኢንፍራሬድ ልከን የገመትነው "በርቷል" አለ። ሁለቱን በአንድ ምልክት ማሳየት ተጠቃሚውን ማሳሳት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ያደረገው ትንሽ ነገር ልቤን ነክቶኛል። ዕቃው ሲጠየቅ የሚመልስ ከሆነ ስክሪኑ ላይ አንድ ተንሸራታች ቁልፍ ያሳያል። የማይመልስ ከሆነና ሁኔታው ግምት ከሆነ ሁለት ቁልፎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አንዱ ለማብራት፣ አንዱ ለማጥፋት። ስለዚህ የሶፍትዌሩ ግምት ቢሳሳት እንኳ የፈለጉትን ከመላክ አይከለክላችሁም። እኔ ያን ምሽት "ፊልም" የሚለውን ደግሜ ስጫን ሪሞቱ ምንም አልሠራም ያለው እንዲህ ያለ ፈቃድ ስላልነበረው ነው። ሁሉም በርቷል ብሎ ወስኗል። ግምቱን እንደ እውነት ቆጥሮ በሩን ዘጋው።

ጊዜም ይቆጠር። ግምት ያረጃል። ከ4 ሰዓት በላይ ማንም ያልነካው ቲቪ በራሱ ሊተኛ እንደሚችል እናውቃለን። እንግዲያው ሶፍትዌሩም ከ4 ሰዓት በኋላ "በርቷል" ማለቱን ትቶ "አላውቅም" ይበል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ያለውን ግምት ሁሉ ይጣል። "አላውቅም" የሚለው ሁኔታ ነውር የለውም። ሲስተሙ አላውቅም ካለ ቢያንስ ይጠይቃል፤ አውቃለሁ ካለ አይጠይቅም።

ቤቴ ውስጥ ያለውን በዚህ ሐሳብ አስተካክዬዋለሁ። አምፕሊፋየሩ ቁርጥ ትዕዛዝ አለው፤ ኔትወርክ ላይም ይመልሳል። ስለ እሱ መጨነቅ ትቻለሁ። ቲቪው በሲኢሲ ይጠየቃል። ሪሞቱ "በርቻለሁ" የሚለውን እስኪሰማ ድረስ መግቢያ ቀይር አይለውም፤ 20 ሰከንድ ጠብቆ ካልሰማ አንዴ ደግሞ ይሞክራል። ሪሲቨሩን የቁጥር ቁልፍ ይቀሰቅሰዋል። ለብሉሬይ ማጫወቻው የኃይል መለኪያ ፕለግ ገዛሁለት። ተኝቶ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል። ሲነሳ ግን ከ10 ዋት አያልፍም፤ ስለዚህ ድንበሮቹን ለእሱ ዝቅ አድርጌ 3 እና 5 ላይ አስቀመጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዲስክ ሳይኖርበት ሲቆይ ጠፍቷል እያለ አስቸገረኝ። ታችኛውን ድንበር ወደ 2 ሳወርደው ተስተካከለ። ልጆቹ አሁንም ከሰዓት በቲቪው ሪሞት ካርቱን ይከፍታሉ። ማታ "ፊልም" ስጫን ሪሞቱ መጀመሪያ ቲቪውን ይጠይቃል፣ 0 የሚል መልስ ያገኛል፣ ወደ ሦስቱ ያልፋል።